አሮጌ መኪና አልነሳ ስትል፦ ስለ ባትሪ፣ ሞተሪኖና ዲናሞ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ባትሪ ነው፣ ቀይረው።» መኪና ጠዋት እምቢ ስትል ከዘበኛው እስከ ጎረቤቱ የሚሰጠው ፍርድ ይኸው ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው የሚከሰሰው ኮፈኑ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። አዲስ ተገዝቶ ያው ችግር ሲመለስ ነው ጥፋተኛው ሌላ መሆኑ የሚታወቀው። ያኔ ብሩ ወጥቷል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና አቆይቶ መንዳት የብዙዎቻችን ዕጣ ሆኗል። እነዚህ መልሶች ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ ዙሪያ ለሚነዱ የዲኤክስ፣ የኮሮላ፣ የቪትዝ፣ የላዳና የቮልስ ባለቤቶች የተጻፉ ናቸው።

ቁልፉን ሳዞር አትነሳም። ከየት ልጀምር?

ከጆሯችሁ። ቴፑን ዝጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙራችሁ አዳምጡ። ድምፁ ግማሹን መልስ ይሰጣል።

«ጠጠጠጠጠ» እያለ በፍጥነት ከተንጫጫ ባትሪው የሞተሪኖውን (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን የኤሌክትሪክ ሞተር) ማግኔት ለመሳብ የምትበቃ ኃይል አለው፤ ሞተሩን ለማዞር ግን አልቻለም። ወይ ባትሪው ወርዷል፣ ወይ ተርሚናሉ (ገመዱ ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያያዝበት) በደንብ አልያዘም። አንድ ከባድ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለና መብራቱም ካልደበዘዘ ዓይናችሁን ወደ ሞተሪኖው አዙሩ። ቀስ እያለ፣ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ገመዱ ኃይል እየበላ ነው፣ ወይ ሞተሪኖው ራሱ አርጅቷል።

ምንም ድምፅ ከሌለ የዳሽቦርዱን መብራት እዩ። እሱም ከጠፋ ተርሚናሉ ለቋል ወይም ዋናው ፊውዝ ተቃጥሏል። በርቶ እያለ ድምፅ ከሌለ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋር አልደረሰም። አውቶማቲክ ከሆነች ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። በፓርኪንግ እምቢ ብላ በኒውትራል የምትነሳ ብዙ ናት፤ የማርሹ ስዊች ስለሚያረጅ ነው። ማንዋል ከሆነች ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ከጀርባው ያለውን ስዊችና ሞተሪኖው ላይ የተሰካችውን ቀጭን ሽቦ ፈትሹ። ይህች ሽቦ በንቅናቄ ብቻ ትላቀቃለች።

ሞተሩ በኃይል እየዞረ ካልተነሳስ? ባትሪውም ሞተሪኖውም ነፃ ናቸው። ጉዳዩ የቤንዚን ወይም የእሳት ነው፤ ካንዴላ፣ ፓምፕ፣ ፊልትሮ። ደጋግሞ ማዞር ደህናውን ባትሪ መጨረስ ነው። ሰው ግን ያዞራል። እንዴት እንደሚያዞር ለማየት ማንኛውም ሰፈር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መቆም ይበቃል።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) የለኝም። እንዲሁ መለየት ይቻላል?

ይቻላል፤ የፊት መብራት አለላችሁ። ማታ ወይም ጎህ ሳይቀድ ግድግዳ ፊት ለፊት አቁማችሁ መብራቱን አብሩ። ገና ሳታስነሱ ደብዛዛና ቢጫ ከሆነ ባትሪው ወርዷል። ደማቅ ከሆነ ቁልፉን እያዞራችሁ መብራቱን እዩ።

ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ባትሪው ደካማ ነው ወይም ተርሚናሉ ላይ ግንኙነት የለም። ጥቂት ደብዝዞ ሞተሩ ከዞረ ጤና ነው። ደማቅነቱ ምንም ሳይቀንስ ሞተሩ ካልዞረ ኃይሉ ባትሪው ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ባትሪ መቀየር ብር መጣል ነው።

አንድ ለየት ያለ ነገር አለ። መብራቱ በጣም ደብዝዞ ሞተሩ ንቅንቅ ካላለ፣ ባትሪውም ደህና መሆኑን ካወቃችሁ፣ ሞተሪኖው ወይም ሞተሩ ራሱ ተይዞ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ማስገደዱን ትታችሁ መካኒክ ጥሩ።

ቴስተር ገዛሁ። የትኛው ቁጥር ምን ማለት ነው?

ጥሩ አደረጋችሁ። ተራ ዲጂታል ቴስተር ከአንድ ያለ ቦታው ከተገዛ ባትሪ ጋር ሲተያይ ርካሽ ነው። የቀጥታ ቮልት 20 የሚለው ላይ አድርጉት። ቀዩን ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ ያዙ። ሦስት ልኬት ይበቃል።

የመጀመሪያው ሌሊቱን ካደረች በኋላ፣ ቁልፍ ሳይነካ ነው። 12.6 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። ከ11.9 በታች ባዶ በሉት። ቻርጅ ተደርጎ እንኳ 10.5 አካባቢ ከቀረ አንዱ ክፍል ሞቷል። ባትሪው ውስጥ ስድስት ክፍሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ አንዱ ሲወድቅ ሂሳቡ እዚያ ላይ ያርፋል። ያ ባትሪ አይድንም። አሁን ተነድታ ከቆመች መኪና ላይ ከለካችሁ ግን ቁጥሩ ያታልላል፤ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። የፊት መብራቱን ሁለት ደቂቃ አብርታችሁ አጥፉና ጥቂት ቆይታችሁ ለኩ።

ሁለተኛው ልኬት ሞተሪኖው ሲያዞር ነው። ሰው ቁልፉን ያዙርላችሁ፤ እናንተ ቁጥሩን እዩ። ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ቆሞ 12.6 የነበረ ባትሪ ሲዞር 8 ወይም 7 ከደረሰ ቮልት አለው፣ ጉልበት ግን የለውም። «ለክቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው» ተብሎ የሚያስቸግረው ይሄኛው ነው፤ ቆሞ ብቻ ስለተለካ።

ሦስተኛው ሞተሩ ተነስቶ ነው። ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላው) እየሞላ ነው። የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን አብርታችሁ ነዳጅ ትንሽ ስጡና እንደገና እዩ። 13 ገደማ ላይ ከተጎተተ ወይም ከሞተሩ መነሳት በፊት ከነበረው ካልጨመረ ዲናሞው አልሠራም። ከ15 ከበለጠ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እየቀቀለው ነው። የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ የሚመጣውም ያኔ ነው።

የድሮ ቮልስ ያላችሁ ተጠንቀቁ። በፈረንጅ አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ባለ 6 ቮልት ነበሩ። ያልተቀየረ ከሆነ ቁጥሮቹን ሁሉ በግማሽ አስቡ። ከባለ 12 ቮልት መኪና ኃይል መዋስም አይሆንም።

ተርሚናሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። ይህን ያህል ችግር ነው?

ነው። ከሁሉም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

ትንሽ የቤንዚን መኪና ሞተሪኖ ሲያዞር ከ100 እስከ 200 አምፔር ይስባል። በዚህ ሁሉ ፍሰት ላይ የኦም አንድ መቶኛ የምታህል እንቅፋት እንኳ ቀላል አይደለችም። 150 አምፔር ሲያልፍባት 1.5 ቮልት ትወስዳለች። ሬዲዮው ይሠራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል፤ እነሱ የሚፈልጉት ጥቂት ነው። ሞተሪኖው ግን ይራባል። «መብራቱ እየሠራ እንዴት ተርሚናል ይሆናል?» ለሚለው መልሱ ይህ ነው።

አጸዳዱ ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፉ። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቱ። ብዙውን ጊዜ የ10 መፍቻ ይበቃል። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ብረት ከነካ ብልጭታው አያድርስ ነው። ሞቅ ባለ ውኃ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ አፍስሱበት፤ ይፈላል፣ ዱቄቱም ይሟሟል። መበጥበጫው በባትሪው መክፈቻ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ከዚያ ምሰሶውንም የገመዱን ማቀፊያ ውስጡንም እርሳሱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ፈትጉ። ስትገጥሙ ፖዘቲቩን አስቀድሙ፣ ኔጌቲቩን አስከትሉ። ካጠበቃችሁ በኋላ ከላዩ ቫዝሊን ወይም ግሪስ ቀቡ። በእጅ ሲነቀነቅ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም። ማቀፊያው ከሰፋ ምስማር ከመሰካት አዲስ ማቀፊያ ግዙ። ምስማር የተሰካባቸው ተርሚናሎች በዚህ ከተማ ስንት እንደሆኑ የኤሌክትሪክ ሠራተኞቹን ጠይቁ።

ተርሚናሉ ንጹሕ ነው፣ ባትሪውም አዲስ ነው፣ አሁንም ይደክማል። ምን ቀረ?

ማንም የማያየው ገመድ። ኔጌቲቩ ከባትሪው ወጥቶ ወደ ሞተሩና ወደ ሻንሲው (የመኪናዋ አካል ብረት) የሚታሰርበት ጫፍ አለ። በሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ይህ ጫፍ በዘይት፣ በጭቃና በዝገት ተሸፍኗል። አንዳንዴ ሞተር ወርዶ ሲገጠም ተረስቶ ቀርቷል።

ፍተሻው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የባትሪ መዋሻ ገመድ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ላይ ቀለም ከሌለው ብረት ጋር አያይዙና አስነሱ። ሞተሩ በድንገት በኃይል ከዞረ ወንጀለኛው ተገኘ። ቴስተር ያለው ደግሞ አንዱን ጫፍ ራሱ የኔጌቲቭ ምሰሶው ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ይዞ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ይይ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከሆነ ገመዱ መጽዳት ወይም መቀየር አለበት። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ድረስ እስከ 0.5 ይፈቀዳል።

ቮልስ ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ባትሪው የኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ደግሞ ከሻንሲው ጋር በጎማ ማረፊያ ነው የተያያዙት፤ ኃይሉ የሚመለሰው ካምቢዮው ላይ በታሰረ አንድ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። እሱ ሲበሰብስ ነገር ሁሉ ግራ ይገባል። በዚያው የወንበሩ የታች ሽቦ ባትሪውን እንዳይነካ ክዳን ይኑረው። ወፍራም ሰው ሲቀመጥ እሳት የተነሳባቸው ቮልሶች አሉ፤ ቀልድ አይደለም።

ጠዋት ብቻ ነው የምታስቸግረው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ። ለምን?

በእነዚያ ወራት የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሥራ በብርድ ይዘገያል። የሞተር ዘይቱም ይወፍራል፤ ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። አቅራቢው ሲደክም ፈላጊው ጨመረ ማለት ነው። ደህና ባትሪ ይህን አይሰማውም። በጥቅምት እያዘገመ ያለፈው ግን ኅዳር ላይ ይጋለጣል። ስለዚህ ብርዱ ባትሪውን አልገደለውም፤ ቀድሞ መታመሙን ነው የነገራችሁ።

የገደለው ብዙ ጊዜ የከተማው አነዳድ ነው። ከአራት ኪሎ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ሜክሲኮ። መንገዱ አጭር ነው፣ ትራፊኩ ቆሟል፣ መብራትና መጥረጊያ ይሠራል፣ ሞተሩ ግን በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው። በዚያ ዙር አሮጌ ዲናሞ የሚሰጠው ትንሽ ነው። ባትሪው ለማስነሳት ያወጣውን ሳይመልስ መኪናዋ እንደገና ትጠፋለች። በግማሽ የሚኖር ባትሪ ውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት የሚባል ነጭ ቅርፊት ይደነድናል፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። መድኃኒቱ ሳምንት እየጠበቁ ረዘም ያለ መንገድ መንዳት፣ አለዚያም ባትሪውን አውጥቶ በዝግታ ማስሞላት ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዘውን ባትሪ በ4 ወይም በ5 አምፔር ሌሊቱን። «በአንድ ሰዓት እሞላዋለሁ» የሚል ቻርጅ ቤት ባትሪውን ያፈላዋል።

ናፍጣ መኪና ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት በደንብ ዞሮ ካልተነሳ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አስለኩ፤ ባትሪው ላይ አትጩኹ።

የኔዋ በተቃራኒው ነች። ስትሞቅ ነው የማትነሳው።

መጀመሪያ ለዩ፦ ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?

ካልዞረ ሞተሪኖው ሙቀቱን አልቻለውም። ብዙ ጊዜ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው የተቀመጠው። ሲግል የውስጥ ሽቦው እንቅፋት ይጨምራል፣ ማግኔቱም ይደክማል። ግማሽ ሰዓት ከቀዘቀዘች በኋላ ምንም እንዳልሆነ ትነሳለች። ቁልፉ ውስጥ አልፎ የሚመጣው ረጅም ቀጭን ሽቦም ሲያረጅ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል። ጥሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚከፍት ማብሪያ) ይገላግላችኋል።

ከዞረና ካልተነሳ፣ መኪናዋም ካርቡራተር ያላት ከሆነ፣ ቤንዚኑን ጠርጥሩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ከለገሃር ተነስታ የቸርችልን ዳገት በትራፊክ ወጥታ ፒያሳ ስትጠፋ፣ በጋለው ቱቦ ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ተን ይቀየራል። ፓምፑ ተን አይስብም። ኮፈኑን ከፍታችሁ ጠብቁ። ውኃ ልትረጩ ከሆነ ጨርቅ አርሳችሁ ፓምፑ ላይ ጣል አድርጉ እንጂ የጋለ ብረት ላይ አታፍስሱ።

ሁለት ቀን ከቆመች ባትሪው ያልቃል። ባትሪው ግን አዲስ ነው።

የሆነ ነገር ሌሊት እየጠጣ ነው። መኪና ተቆልፋ ስትቆም መሳብ ያለባት ከ0.05 አምፔር ያልበለጠ ነው፤ ለሰዓቱና ለቴፑ ትውስታ። የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያለች ባለ 5 ዋት አምፖል ሳትጠፋ ከቀረች ግን 0.4 አምፔር ትወስዳለች። በሁለት ቀን ወደ 20 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሆናል። የ45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እኛ ጋ የተለመዱት ጠጪዎች በኋላ የተገጠሙ ናቸው። አላርም፣ ጂፒኤስ፣ በቀጥታ ከባትሪ የተያዘ ቴፕ፣ ጌጥ መብራት። ፋብሪካው ያላሰበው ሽቦ ሁሉ ይጠርጠር።

አፈላለጉ እንዲህ ነው። ሁሉን አጥፉ፣ በሮቹን ዝጉ፣ ኔጌቲቩን ፍቱ። በተፈታው ገመድና በምሰሶው መካከል የፍሬቻ አምፖል በሽቦ አያይዙ። አምፖሏ ከበራች ኃይል እየሄደ ነው። አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱ ሲነቀል አምፖሏ ከጠፋች ሌባው በዚያ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅለው አሁንም ከበራች የዲናሞውን ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ክፍል) አስፈትሹ፤ ሲበላሽ ባትሪውን ወደ ኋላ ይመጠዋል። ትንሽ ፍሳሽ ለመያዝ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጎ በአምፖሏ ቦታ መግጠም የተሻለ ነው። በዚያ ሁኔታ ግን መኪናዋን ለማስነሳት አትሞክሩ፤ ቴስተሩ ይቃጠላል።

መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «አልጠፋም፣ ዲናሞህ ደህና ነው» አለኝ። ልክ ነው?

አይደለም። በዚህ ከተማ ያልሞተ መጥፎ ልማድ ቢኖር ይህ ነው። በጥንቶቹ ዲናሞዎች ዘመን ያስኬድ ነበር። አሁን ያሉት ዳዮድ ያላቸው ናቸው። ባትሪው የኃይሉን መውጣትና መውረድ የሚያረግብ ትራስ ነው። በድንገት ሲነሳ ቮልቱ ለቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል። ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ቪትዝና ኮሮላ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መኪናዋ ባትጠፋም ዲናሞው 14 ቮልት መስጠቱን አያረጋግጥም። «ተወው ወንድሜ፣ በቴስተር እንየው» በሉት። ካልፈለገ ሌላ መካኒክ አለ።

ገመድን ከገመድ ጋር እያጫሩ በብልጭታው ኃይል መለካትም እንዲሁ ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ብልጭታ አይፈልግም።

ዲናሞው ካልሞላ መቀየር ግድ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ቺንጋው ከላላ ወይም ከተላጨ ይንሸራተታል፤ ሲነሳ ወይም መብራት ሲበራ «ሲጥጥ» የሚለው እሱ ነው። ከዚያ ካርቦኖቹ (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል እየተነካኩ ኃይል የሚያሳልፉት ቁራጮች) ይታያሉ። ብዙ አሮጌ ዲናሞ የሚድነው በካርቦን ለውጥ ብቻ ነው፤ የሚጮኽ ከሆነ በኩሽኔታ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ምልክቷ ቀይ ሆና ከበራች እየሞላ አይደለም። ቁልፍ ሲከፈትም ጭራሽ የማትበራ ከሆነ አምፖሏ ተቃጥላለች፤ በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ዲናሞውን የምታስጀምረው እሷ ስለሆነች ቀይሯት።

ሞተሪኖውን በመፍቻ ነካ ነካ ሲያደርጉት ይነሳል። እስከ መቼ?

ካርቦኑ አልቋል፤ ስትመቱት ለጊዜው ይነካካል። ምናልባት ሳምንት፣ ምናልባት ዛሬ ማታ። ሳይተዋችሁ አሳድሱት። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተሪኖ ሞልቷል፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን እዚያው በባትሪ አስዞሩት። ጥርሱ ወደ ፊት ወጥቶ መዞር አለበት። ሳይወጣ ከዞረ ወይም ካንጓጓ መልሱት። የራሳችሁን ማሳደስ ብዙ ጊዜ ከማይታወቅ ያገለገለ ይሻላል ባይ ነኝ።

በግፊ ማስነሳት ይጎዳል?

ማንዋል ከሆነች በችግር ጊዜ ይቻላል። ቁልፍ ክፈቱ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ያዙ። ሮጥ ስትል ፍሪሲዮኑን ለቀቅ፣ ስትነሳ መልሳችሁ ረገጥ። የፓርኪንግ ልጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቁበታል፤ ጥቂት ብር ግን አትርሱ። አውቶማቲክ በግፊ አትነሳም። ዳሽቦርዱ ጭራሽ የማይበራ ከሆነም አትድከሙ፤ ፓምፑና እሳቱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ።

ቁልቁለት ላይ ስትለቁ ሞተሩ እስኪነሳ ፍሬኑ እንደሚከብድ አስታውሱ። ቁልፉን ከነቀላችሁ መሪው ይቆለፋል። የቸርችል ቁልቁለት ለዚህ ሙከራ ቦታ አይደለም።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስዋስ ገመዱን በምን ቅደም ተከተል ላስር?

ቀዩን መጀመሪያ ከሞተው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ ከደህናው ፖዘቲቭ። ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ ከሞተችው መኪና የሞተር ብረት ጋር፣ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ። የመጨረሻው ንክኪ ስለሚብለጨለጭ ነው። ደህናዋን አስነስታችሁ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ ሞክሩ። ስትፈቱ በተገላቢጦሽ። ገመዱ ቀጭን ከሆነ ይግላል እንጂ ኃይል አያሳልፍም። ርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ወፍራም ጎማ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ናቸው።

በእርግጥ ባትሪው ነው። ስገዛ ምን ልይ?

መጠኑ አሮጌው ላይ ተጽፏል። ትንንሾቹ ላይ ኤንኤስ 40፣ ኮሮላ ላይ ብዙ ጊዜ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዘው ኤንኤስ 60 ይገባል። ፖዘቲቩ በየትኛው በኩል እንደሆነ አሮጌውን አጠገቡ አስቀምጣችሁ አወዳድሩ። በተቃራኒው ከሆነ ገመዱ አይደርስም፤ ተጎትቶ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ትልቁን ግጠም፣ ይሻልሃል» ሲባል ማስቀመጫው ላይ በደንብ ካልታሰረ እንደማይሻል እወቁ። ሲነቀነቅ ሳህኖቹ ይሰበራሉ።

ሱቁ ውስጥ ቴስተር ያዙ። አዲስ ባትሪ ከ12.5 በታች ካሳየ መደርደሪያ ላይ ቆይቷል። የተሠራበትን ቀን ጠይቁ፣ ዋስትናውን በደረሰኝ ተቀበሉ። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ሳህኖቹ እንዲሸፈኑ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ጨምሩ። የቧንቧም የታሸገም የመጠጥ ውኃ ማዕድን አለው። አሲድ ደግሞ ፈስሶ ካልጎደለ በቀር አይጨመርም፤ የሚተነው ውኃው ነው።

አሮጌውን ባትሪ ምን ላድርገው?

አዲሱን ስትገዙ ሻጩ አሮጌውን እንዲቀበልና ከዋጋው እንዲቀንስ ተደራደሩ፤ ውስጡ ያለው እርሳስ ዋጋ አለው። ቁራሌውም ይገዛል፤ ግን ደጃፋችሁ ላይ አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ እንዳይሄድ። እስኪሄድ ድረስ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ፣ ቀጥ ብሎ፣ ጣውላ ወይም ፕላስቲክ ላይ ይቀመጥ። ልብስ ላይ ከተንጠባጠበ ቶሎ በብዙ ውኃ እጠቡት። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታቋርጡ በውኃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።